ባንኮክ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ካለሽ ወንዙን አትልቀቂ

እህታችን ለሥራ ወደ ባንኮክ ልትሄድ ነው። አንድ ነፃ ቀን አላት፣ ከተማውን በእግሯ ማየት ትፈልጋለች፣ ጾም ላይም ናት። ብዙዎቻችሁ የገበያ ማዕከሎቹን ጠቁማችኋታል። እኔ በንግድ ምክንያት እዚያ ስለምመላለስ ሌላ ሐሳብ አለኝ።

እህቴ፣ ሁሉንም ልይ ካልሽ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቅብሻል። ትራፊኩ የአዲስ አበባን ልጅ እንኳ ያስመርራል። በቻኦ ፍራያ ወንዝ ዳር ያለው አሮጌው ከተማ ብቻውን ቀንሽን ይሞላዋል፤ ቦታዎቹም የሚቀራረቡ ናቸው።

በጠዋት በሜትሮ ሄደሽ ሳናም ቻይ ጣቢያ ውረጂ። የታላቁን ቤተ መንግሥት አጥር በግራሽ አድርገሽ ወደ ሰሜን ተጓዢና በሩ ላይ ድረሺ። በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ መግቢያው በታይ ገንዘብ 500 ባት ነው። ከረፈደ ሰልፉም ፀሐዩም አይቻልም። አለባበስ ላይ ቀልድ የለም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ነጠላ ጣል አደርጋለሁ ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ ሊመልሱሽ ይችላሉ። እጅጌ ያለው ልብስ ልበሺ።

በሩ ከመድረስሽ በፊት ጥሩ የለበሰ፣ እንግሊዝኛው የቀና ሰው ቀርቦ «ዛሬ ዝግ ነው፣ በዓል ነው፣ በ20 ባት ቱክ ቱክ (ባጃጅ) ሌላ ቦታ ላሳይሽ» ሊልሽ ይችላል። ደላላ ነው። መጨረሻሽ የጌጣጌጥ ሱቅ ወይም ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ፈገግ ብለሽ እለፊው።

ውስጥ የታወቀው የኤመራልድ ቡድሃ አለ። ስሙ እንደዚያ ይባል እንጂ ከጄድ የተሠራ ነው፤ ቁመቱም 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ልብሱን በዓመት 3 ጊዜ ወቅቱን ተከትሎ የሚቀይርለት ንጉሡ ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ለእኔ ግን ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ዋት ፎ ይበልጣል፤ «ዋት» ማለት የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። ውስጡ ያለው 46 ሜትር የሚረዝም፣ በጎኑ የተጋደመ ወርቅማ ቡድሃ ነው። ሰው ሁሉ ጭንቅላቱ ጋ ለፎቶ ይጋፋል። አንቺ ወደ እግሩ ሂጂ። የውስጥ እግሩ 108 ምልክቶች በሉል ዛጎል ተለብጠውበታል። ከጀርባው በኩል ደግሞ 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል። ሰዉ ሳንቲም ይገዛና በየሳህኑ አንድ አንድ እየጣለ ያልፋል። ኪን፣ ኪን፣ ኪን የሚለው ድምፅ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ አያቋርጥም። ቆመሽ ስሚው። ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ ያዢ፤ ደጅ ያለው ንጣፍ በቀትር ምጣድ ነው።

በእኛ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አትራመጂ። ይሄን ምክር ሰው አይሰማም፣ ከዚያ ራስ ምታት ይዞት ሆቴል ይገባል። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ካፌ ግቢና ምሳሽን ብዪ። ለጾምሽ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የታይ ፊደል የተጻፈበት ምግብ ቤት ፈልጊ፤ «ጄ» ይሉታል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አሳ የለበትም። ነጭ ሽንኩርትም የለውም፣ ስለዚህ ለእኛ አፍ ትንሽ ይቀረዋል። ሌላ ቦታ አትክልት ብቻ ቢመስልሽም የአሳ መረቅ አይጠፋውም። ማንጎ ከነሩዙ ግን በኮኮናት ወተት የሚሠራ ስለሆነ ደህና ነው።

ሲበርድ ከታ ቲየን ወደብ በ5 ባት ጀልባ ተሻግረሽ ዋት አሩንን እዪ። ማማው በቻይና ሸክላ ስብርባሪ ያጌጠ ነው፤ ከሩቅ የምታይው ቀለም ቀርበሽ ስታይው የሳህን ቁራጭ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ደረጃው ገደል ነው፣ ጉልበትሽን አስቢበት። ወርቅ ማየት የምትወጂ ከሆነ ግን ይሄን ዝለይና ወደ ዋት ትራይሚት ሂጂ፤ በእኛ 11 ሰዓት ይዘጋል። እዚያ ያለው 5 ቶን ተኩል ገደማ የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ ነው። ለረጅም ዘመን በኖራ ተለስኖ ተራ ሐውልት ሲመስል ኖሮ፣ በ1955 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሲያነሱት ወድቆ ልስኑ ሲሰነጠቅ ነው ወርቁ የታየው።

ዋት አሩንን ከመረጥሽ ስትመለሺ በአበባ ገበያው፣ በፓክ ክሎንግ ታላት በኩል እለፊ። ከዚያ ከሳናም ቻይ 2 ጣቢያ ተጉዘሽ ዋት ማንግኮን ውረጂ፤ ያዋራት የሚባለው የቻይናዎች ሰፈር ነው። ሲመሽ መንገዱ በሙሉ ምግብ ይሆናል። ጾመኛ መሆንሽ የሚቆጭሽ እዚህ ነው!

መንገድ ስትሻገሪ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዪ፣ መኪናው በግራ ነው የሚነዳው። እግረኛ መንገድ ላይም ሞተር ይመጣብሻል። ለማታ መመለሻ ግራብ የሚባለውን የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ። ሆቴልሽ የት ሰፈር እንደሆነ ከጻፍሽልኝ፣ ጠዋት እስከ ሳናም ቻይ እንዴት እንደምትደርሺ እነግርሻለሁ።