ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው። «የ2012ቱ የፀሐይ ግርዶሽ ዕለት አያቴ እኔንና ወንድሞቼን ቤት አስገብታ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ በሩን ዘጋችብን» አለችኝ። «ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ግድግዳው ላይ ማጭድ የሚመስሉ ትንንሽ ብርሃኖች አየን። ፈርተን ጋቢ ውስጥ ተሸፋፈንን። ምን ነበሩ?»

ፀሐይዋ ራሷ ነበረች። ጨረቃ የሸረፈቻት ፀሐይ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ገብታ ግድግዳ ላይ ታየቻቸው። ልጅቷ ግርዶሹን ምንም አደጋ በሌለው መንገድ እያየች ነበር፤ የሚነግራት ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት «ልጆቹን አታውጡ፣ መስኮቱን ጋርዱ» እያሉ ከመከሩት አንዱ እኔ ነኝ። ምክሩ ውሸት አልነበረም፣ ጎዶሎ ነበር። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ የጎደለው ነገር ነው።

ዕለቱ ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ ነበር። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ከተዘጉ ወራት አልፈዋል፤ ስለዚህ ልጆችን ሰብስቦ የሚያስረዳ መምህር የለም። የጨረቃ ጥላ ከመካከለኛው አፍሪካ ተነሥቶ በደቡብ ሱዳን በኩል ገባና ወለጋን፣ ጎጃምንና ላስታን አቋርጦ ወደ ቀይ ባሕር ተሻገረ። ላሊበላ ላይ ቀለበቱ የታየው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። በዚያን ዕለት ጨረቃ ከምድር ትንሽ ርቃ ስለነበረ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን መጠኗ አልበቃም፤ ለዓይን የምትታይበት ስፋት ከፀሐይ ስፋት 99 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የተረፈችው ቀጭን ክር ናት «የእሳት ቀለበት» የተባለችው። ክሯ እጅግ ቀጭን ስለነበረች፣ ቀለበቱ ሊገጥም ሲልና ሊለያይ ሲል የጨረቃ ተራሮች ጫፏን እየበጣጠሱ እንደ ጨሌ ያደርጓት ነበር።

ብዙ ሰው «ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል ተብለን ነበር፣ ምነው አልጨለመም?» ብሎ ቅር አለው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400 ሺህ ጊዜ ያህል ትበልጣለች በብርሃን። መቶ እጅ ተከፍላ አንዱ እጅ ብቻ ቢቀር እንኳ የ4 ሺህ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን ማለት ነው። ስለዚህ ላሊበላ ላይ የታየው ደመና እንደጋረደው ያለ ደብዘዝ ያለ፣ ብርማ ብርሃን ነበር። ዓይን የሚጎዳውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሰው «ደብዝዛለች» ብሎ ቀና ሲል የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ይጠብቃታል።

አሁን ወደ ልጅቷ ግድግዳ ልመለስ። ቀዳዳዎቹ ጣሪያ ላይ ሆነው ብርሃኑ ለምን ወለል ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ አረፈ? 2 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ነበር። በሰኔ ደግሞ የምትወጣው ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ጋደል ብላ ነው። ስለዚህ በምሥራቁ የጣሪያ ክንፍ ቀዳዳ የገባው ብርሃን ተሻግሮ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ያርፋል። «ማጭዶቹ የትኛው ግድግዳ ላይ ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከበሩ ፊት ለፊት» አለችኝ። በሩ በምሥራቅ በኩል ነው። ደስ አለኝ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ እንኳ ምስክርነቷ ልክ ነው።

ቀዳዳዋ ምስል የምትሠራው እንዲህ ነው። ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከፀሐይ የላይኛው ጫፍ የተነሣው ጨረር በጠባቧ ቀዳዳ አልፎ ግድግዳው ላይ ከታች ያርፋል፣ ከታችኛው ጫፍ የተነሣው ከላይ፣ የቀኙም በግራ። ስለዚህ ምስሉ ግልብጥ ነው፤ ጨረቃ ከላይ ስትጋርድ ማጭዱ ከላይ ሳይሆን ከታች የተቆረሰ ይመስላል። የምስሉ ስፋት የሚወሰነው በርቀት ነው፤ ከቀዳዳው እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለ108 ማካፈል ነው። አንድ ሜትር ርቀት 9 ሚሊ ሜትር፣ አምስት ሜትር 4 ሳንቲም ተኩል ያህል ይሰጣል። የቀዳዳው ቅርጽ ምንም አይለውጥም፤ ምስማሩ ሦስት ማዕዘን አድርጎ ቢቦጭቀውም ምስሉ ክብ ነው፣ በግርዶሽ ቀን ደግሞ ማጭድ። የሚያበላሸው ስፋቱ ነው። ቀዳዳው ከምስሉ ስፋት አንድ አሥረኛ ካለፈ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ እየሰፋ ከሄደ ግድግዳው ላይ የምታዩት የፀሐይን ሳይሆን የቀዳዳውን ቅርጽ ይሆናል።

ግርዶሽ መጠበቅም አያስፈልግም። ነገ ጠዋት ሞክሩት። ቀዳዳዋ 3 ሚሊ ሜትር፣ ርቀቱ 3 ሜትር ከ24 ሳንቲም ቢሆን የብርሃኗ ክብ 33 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። የቀዳዳውን 3 ቀንሱ፣ 30 ይቀራል። ርቀቱን በሚሊ ሜትር፣ 3240ን፣ ለ30 ስታካፍሉ 108። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ያን ለ108 አካፍሉት። 1 ሚሊዮን 390 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ የፀሐይ ስፋት ነው። ተማሪዎች ሁሌ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ብርሃኑ አግድም አርፎ እንቁላል ሲመስል ረዥሙን ጎን ይለካሉ። ነጭ ካርቶን ያዙና ክቧ ፍጹም ክብ እስክትሆን ድረስ ወደ ብርሃኑ አዘንብሉት፣ ከዚያ ለኩ።

የዛሬ ልጆች ትዕግሥት ያንሳችኋል፤ ስልክ ቀና አድርጋችሁ ፎቶ ካነሣችሁ ያያችሁ ይመስላችኋል። የስልክ ፎቶ ላይ ግርዶሽ ነጭ ሽፍንፍን ያለ ነጠብጣብ ነው፤ የወንድማችሁ ፎቶና የናንተ ፎቶ አይለይም። ግድግዳ ላይ በእርሳስ ያሰመራችሁት ክብ ግን የናንተ ብቻ ነው።

ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ከሌላችሁ የፍሎረሰንት መብራት የሚሸጥበትን ረዥም ካርቶን ፈልጉ፤ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። አንዱን ጫፍ ቆርጣችሁ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑና በልብስ መርፌ አንድ ጊዜ ብቻ ውጉት፤ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ሌላውን ጫፍ ከውስጥ በነጭ ወረቀት ልበዱ። በነጩ ወረቀት በኩል ጎኑ ላይ የማያ መስኮት ክፈቱ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ካርቶኑን ትከሻ ላይ አድርጉና የካርቶኑ ጥላ በጣም እስኪያጥር ድረስ አስተካክሉት፤ ያኔ 11 ሚሊ ሜትር የምታህል ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ትመጣለች። የጫማ ካርቶን የሚመክሩ አሉ። ሠላሳ ሳንቲም ስለሆነ የሚሰጣችሁ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ነው፤ ልጆች አይተው «ይቺው ናት?» ብለው ይሄዳሉ። በመርፌው ቀዳዳ ወደ ፀሐይ አጮልቆ ማየት ግን ክልክል ነው። ይህ ግልጽ ይመስላችኋል፤ አይደለም፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ለክፍል ተማሪ ሁሉ የሚበቃው መስታወቱ ነው። ትንሽ የኪስ መስታወት በወረቀት ሸፍኑና ወረቀቱን በቢሮ መብሻ አንድ ቦታ ብሱት፤ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መስታወቱን አሸዋ በሞላ ሳህን ላይ ሰክታችሁ ውጭ ፀሐይ ላይ አስቀምጡና ነጸብራቁን በበር በኩል ወደ ጨለመ ክፍል ላኩት። አሥር ሜትር ላይ ያለ ግድግዳ 9 ሳንቲም የምትሆን ፀሐይ ያሳያል፤ ሠላሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ያያታል። አሸዋው የሚያስፈልገው ምስሉ ስለሚሸሽ ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ትንሸራተታለች፤ የሚዞረው ምድር ነው። ወደ መስታወቱ የሚያይ ልጅ እንዳይኖር አንድ ትልቅ ሰው ሳህኑ ዘንድ ይቁም።

ስለ ዓይን መከላከያ ብዙ አልልም፣ ሁሉም የሚያወራው ስለሱ ነው። የራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ ብርጭቆ፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ ሲዲ፣ በሳህን ውሃ ውስጥ የሚታይ ነጸብራቅ፣ ሁሉም አይሆኑም። ብርሃኑን ለዓይን ያደበዝዙታል እንጂ የማይታየውን ጨረር አያቆሙም፤ ውሃውም ቢሆን የሚመልሰው ብርሃን ለዓይን ከሚገባው በላይ ነው። ሬቲና፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ የሕመም ነርቭ ስለሌለው ሲቃጠል አይሰማችሁም። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው፤ ፊደል ስታነቡ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይቀመጣል። ብረት በያጆች ዘንድ 14 ቁጥር የብየዳ መስታወት ካገኛችሁ ይሆናል፤ 10 ቁጥር አይሆንም፣ አብዛኛው በያጅ ያለው ግን እሱ ነው። የወረቀቱን የግርዶሽ መነጽር ገንዘብ አታውጡበት ስል ኖሬአለሁ። እውነት ለመናገር ግን አይኤስኦ 12312-2 የሚል የዓለም አቀፍ ደረጃ ምልክት ያለው፣ ያልተጫረና ያልተቀደደ ካገኛችሁ ግዙት፤ በግድግዳ የማይገኝ ደስታ አለው።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጉዳዩ ትንሽ ይወጣል። ሰኔ 14 ቀን 1993 ዓ.ም. በአንጎላ፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሆኖ ነበር። ከ19 ዓመት በኋላ በዚያው ሰኔ 14 ቀን እኛ ጋ መጣ። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ የተማረ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ይስቃል፤ ንዑስ ቀመር ነዋ፣ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደዚያው ቀን የምትመለስበት ዙር! ከዚህ ዙር የሚወጡት የጨረቃ ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ለሁለቱም ዓመታት አንድ ናቸው፤ 6 እና 24። 235 የጨረቃ ወራት 6939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ይሆናሉ፤ 19 የእኛ ዓመታት ደግሞ 6939 ቀን ከ18 ሰዓት። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ያች አንድ ሰዓት ተኩል እየተጠራቀመች በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሆናለች፤ ለዚህ ነው በአበቅቴ የተሰላው የጨረቃ ሌሊት (ጨረቃ ከተወለደች ስንተኛ ሌሊቷ እንደሆነ) ዛሬ ሰማይ ላይ ከምትታየው ጨረቃ የሚዘገየው። የሰፈራችሁን መሪጌታ ጠይቁና ሌሊቱን አስሉ፣ ከዚያ ማታ ወጥታችሁ ከጨረቃዋ ጋር አስተያዩት። ከአያቶቻችሁ ሒሳብ ጋር የምትከራከሩት እንዲህ በመለካት ነው፤ ሳይለኩ መናቅ ዛሬ በዝቷል።

ለእኛ የሚታየው መጪው ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፣ ሰኞ። (ከዚያ 19 ዓመት ቁጠሩ፤ ሐምሌ 26 ቀን 2038 በደቡባዊ አፍሪካ ሌላ አለ።) በዚህኛው ጨረቃ ለምድር ቀርባ ስለምትገኝ ፀሐይን ፈጽማ ትሸፍናለች። ሙሉው ጥላ በሰሜን አፍሪካ አድርጎ፣ በግብፅ ሉክሶር 6 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ፣ ጅዳንና መካን ነክቶ በየመን በኩል ወደ ሶማሊያ ጫፍ ይወርዳል። ጅዳ ያላችሁ ወገኖች 6 ደቂቃ ያህል ታገኛላችሁ፤ ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት የሚቻለው በእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ ነው፣ የመጀመሪያዋ የብርሃን ፍንጣቂ ስትመለስ ወዲያው ዓይናችሁን ከፀሐይ መልሱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለን ግን የምናየው ከፊል ግርዶሽ ነው። እዚህ ለአንዲት ሰከንድም ቢሆን በባዶ ዓይን አይታይም።

ችግሩ ክረምቱ ነው። ግርዶሹ ከቀትር በኋላ ነው፤ በሐምሌ ደግሞ የደጋው ሰማይ ጠዋት ጠርቶ ቀትር ላይ ደመና ይከምራል። ዘመድ ያላችሁ ወደ አፋር ወይም ወደ ድሬዳዋ ብትወርዱ ዕድላችሁ የተሻለ ነው። ስስ ደመና እንደ መነጽር አያገለግልም፤ ግድግዳው ላይ ግን በስስ ደመናም ውስጥ ምስሉ ይመጣል። በየአምስት ደቂቃው የማጭዱን ጠርዝ በእርሳስ አስምሩና ሰዓቱን ጻፉበት፤ ለሰዓት ስልካችሁ ጥሩ ነው፣ እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ። ቴርሞሜትር ካለ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከቆርቆሮና ከግድግዳ አርቃችሁ፣ በጥላ ስቀሉት። የሙቀቱ ዝቅተኛ ነጥብ ከግርዶሹ ጫፍ ጥቂት ደቂቃዎች ይዘገያል፤ በስንት እንደሚዘገይ በእናንተ ቦታ የምትነግሩን እናንተ ናችሁ።

በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የጣሪያው ብርሃን የሚያርፈው ወለል ላይ ነው። ልጅቷ ይህን ስነግራት «ያ ቀዳዳ እኮ አለ፣ ግን አያቴ ለክረምቱ ሬንጅ ልታስደፍነው ነው» አለችኝ። አንዱን ብቻ እንድትተውልሽ ለምኛት፣ ከሥሩም ባልዲ አስቀምጪ አልኳት።