አዲስ አማራጭ ከመጨመራችሁ በፊት

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ሶፍትዌር ለምትጽፉ ወጣቶች፤

በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ለሚሠራው የስም መደርደሪያችሁ «ኃይሉ»ንና «ሀይሉ»ን አንድ አድርጎ የሚቆጥር አማራጭ፣ ማለትም ከትእዛዙ ጋር ተጽፎ አሠራሩን የሚለውጥ ምልክት፣ ይጨመር አይጨመር እያላችሁ ስትከራከሩ ሰንብታችኋል። ይጠቅማል መባሉ ብቻ አይበቃም፤ የማይጠቅም አማራጭ ይጨመር ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መጠየቅ ያለበት፣ ያሉትን መሣሪያዎች አያይዞ መሥራት የማይቻለው የትኛው ነው የሚለው ነው።

በ1973 እ.ኤ.አ. በቤል ላብስ ተመራማሪው በዳግላስ ማክልሮይ ውትወታ፣ የሥራ ባልደረባው ኬን ቶምፕሰን ፓይፕ የተባለውን ማያያዣ ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ካስገባ ወዲህ፣ የአንዱ ፕሮግራም ውጤት በቀጥታ ለሌላው ግብዓት ይሆናል። መስመሮችን የሚደረድረውን የዩኒክስ ፕሮግራም፣ ሶርትን ተመልከቱ። ተደጋጋሚ መስመሮችን የሚያስቀረው «ዩ» የተባለው አማራጩ ባይኖር፣ ውጤቱን ይህንኑ ወደሚሠራው ሌላ ፕሮግራም፣ ወደ ዩኒክ መላክ ይበቃ ነበር። ውጤቱን የሚጻፍበትን ፋይል የሚሰይመው «ኦ» ግን ሌላ ነው፤ የተደረደረውን በዚያው ፋይል ላይ ለመጻፍ የሼሉን፣ ማለትም ትእዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም፣ ማዞሪያ ምልክት (>) ብትጠቀሙ፣ ሶርት ገና ማንበብ ሳይጀምር ሼሉ ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል፣ ዝርዝሩም ይጠፋል። «ኦ» ሁሉም ተነብቦ ካለቀ በኋላ ስለሚጽፍ፣ ፓይፕ የማይተካውን ሥራ ይሠራል።

የእናንተም ጉዳይ በዚሁ ይመዘን። ከደጀን እስከ ዳንግላ በተሰበሰበ ዝርዝር አንዱ ጸሐፊ በኀ፣ ሌላው በሀ ይጽፋል። ፊደላቱን አስቀድሞ ጽሑፍ በሚለውጠው ፕሮግራም፣ በሴድ መለወጥ ይቻላል ያላችሁት ልክ ነው፤ ነገር ግን መታወቂያዋ ላይ «ፀሐይ» የተባለችው ሴት «ጸሀይ» ሆና ትወጣለች። ሶርት በ«ኤፍ» አማራጩ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል ሲያነጻጽር ብቻ አንድ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ አጻጻፉን ሳይነካ የሚያነጻጽር አማራጭ በእኔ ግምት ቦታ ይገባዋል።

ውጤቱን በኢሜይል ይላክ የሚለው ሐሳብ ግን ይቅር፤ የፈለገ ሰው በራሱ ሼል አሊያስ (ለረጅም ትእዛዝ የሚሰጥ አጭር ስም) ያብጅለት። አንዴ የወጣ አማራጭ በማታውቁት መሥሪያ ቤት ስክሪፕት ውስጥ ስለሚገባ፣ በኋላ ማንሳቱ የሰው ሥራ ማስተጓጎል ይሆናል።

የትኞቹ ፊደላት እንደሚጣመሩ በመመሪያው ላይ በግልጽ ጻፉ። በሐና በኀ፣ በሠ፣ በዐና በፀ ብዙ የምትጣሉ አይመስለኝም። ኸ ግን፣ በገጠሩ ጎጃም «ከዚያ» ለማለት «ኸዚያ» ሲባል ሰምታችሁ ያደጋችሁ ልጆች ስለሆናችሁ፣ ከሀ ጋር ይዳበል ወይስ ለብቻው ይቁም የሚለውን ኮዱን ከመጻፋችሁ በፊት ተከራከሩበት።