አየሩ ሞቋል፣ ዓሣው ግን የት አለ?

በፀደይ ከባሕር ዳርቻ ላይ ስለሚደረግ ዓሣ ማጥመድ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ አየሩ ከሞቀ ሦስት ሳምንት አለፈው፤ እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ይደርሳል። እኔ ግን ከንጋት ጀምሮ ስጥል ውዬ መንጠቆዬን የነካው የለም። ዓሣው ገና አልመጣም ወይስ ቦታው አይደለም?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱም ጭምር። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ የሚፈልገው ሙቀት ያንኑ ያህል አየር ከሚፈልገው ከ3,000 ጊዜ በላይ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ከአየሩ በሳምንታት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ልብስ የሚያስወልቅ ፀሐይ እያለ ውኃው ገና 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። የአብዛኛው ዓሣ ሰውነት ደግሞ የውኃውን ሙቀት ይከተላል፤ ሲቀዘቅዝ የበላውን ቶሎ አይፈጭም፣ ምግብ ፍለጋም ርቆ አይዋኝም። እንደ ኮድ ዓሣ ያሉ ቅዝቃዜ የሚስማማቸው አሉ። ሙቀት ተከትለው ወደ ዳር ከሚመጡት ብዙዎቹ ግን ከ10 ዲግሪ በታች እምብዛም አይነቃቁም፤ 12 እና 13 ሲደርስ ነው ለውጡ የሚታየው።

ይህን በግምት አይወስኑ። ቴርሞሜትር ከእርሳስ (ክሩን ወደ ታች ከሚያሰምጠው የብረት ክብደት) ጋር በክር አስረው ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ ያስገቡ፤ ሦስት ደቂቃ ያቆዩትና እንዳወጡት ያንብቡ። ላዩን ብቻ ከለኩ ፀሐይ ያሞቀችው ስስ ሽፋን ያታልልዎታል። በየቀኑ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ይመዝግቡ። ቀስ በቀስ እየሞቀ 10 የደረሰ ውኃ፣ በአንድ ሌሊት ከ13 ወደ 11 ከወረደ ውኃ ይሻላል ብለን እናምናለን።

ከዚያ ክፍቱን ዳርቻ ትተው ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ ወይም ወንዝ ባሕር የሚገባበትን አፍ ይፈልጉ። ጥቁር ጭቃ ከነጭ አሸዋ ይበልጥ የፀሐይ ሙቀት ይይዛል፤ ትሉና ሽሪምፑ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው እዚያ ነው። ከንጋት ይልቅ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ ቀኑ ፀሐያማ ሆኖ ባሕሩ ከዕለታዊ ሙላቱ እየጎደለ ከሆነ ደግሞ አያመንቱ። ጭቃው ላይ ሲሞቅ የዋለው ውኃ ትላትሉን ይዞ ወደ አፉ ይወርዳል፤ ዓሣውም መውጫው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ውኃው ሲሞላ ግን የሚገባው የውጪው ቅዝቃዜ ነው። ትንሽ መንጠቆ፣ ትንሽ ትል ይጠቀሙ፤ ከጣሉም በኋላ ቶሎ ቶሎ አይሳቡ።

ጥያቄ፦ ከትናንት በስቲያ 13 ዲግሪ ነበር፣ ዛሬ 9 ሆነ። ዝናብም ደመናም አልነበረም። ቴርሞሜትሬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ በቀላሉ ያረጋግጡ። የተፈጨ በረዶ በጥቂት ንጹሕ ውኃ አማስለው ያስገቡት፤ ዜሮ ካሳየ ደህና ነው። ያኔ ጥፋተኛው ነፋሱ ነው። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ነፋስ የሞቀውን የላይኛውን ውኃ ገፍቶ ይወስደዋል፤ በምትኩ ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል። ዳርቻውን ታክኮ የሚነፍሰውም እንዲሁ ያደርጋል፤ ምክንያቱም በመሬት መሽከርከር የተነሳ የላይኛው ውኃ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከነፋሱ ወደ ቀኝ፣ በደቡብ ወደ ግራ ያዘነብላል። ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው ይቁሙ። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ካሉና ክፍቱ ባሕር በቀኝዎ ከሆነ፣ የሞቀው ውኃ እየሸሸዎት ነው። ነፋሱ እስኪዞር ወሽመጡ ውስጥ ያጥምዱ።

ጥያቄ፦ ሠንጠረዡ ውኃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ብቻ ይነግረኛል። በመካከሉ የትኛው ሰዓት ይሻላል?

መልስ፦ መካከለኛው። በቀን ሁለት ጊዜ በሚሞላ ባሕር ከጉድለት እስከ ሙላት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ውኃው ግን እኩል አይወጣም። ልዩነቱ 3 ሜትር ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት 25 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 50፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 75፣ ከዚያ 50፣ በመጨረሻም 25 ይጨምራል። ዓሣ የሚጠብቀው ምግብ የሚያመጣለትን ጅረት ነውና ሦስተኛውንና አራተኛውን ሰዓት አያሳልፉ። ጨረቃ አዲስ ስትሆንና ስትሞላ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ጅረቱም ይበረታል፤ ግማሽ ስትሆን ይደክማል። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ያለፈው ሳምንት ሰዓት ለዚህ ሳምንት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ርቄ ለመወርወር ከባድ እርሳስ ስጠቀም ክሩ ይበጠሳል፤ ቀላል ሲሆን ደግሞ ሞገዱ ይጎትተዋል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እርሳሱን አያቅልሉ፤ ከዋናው ክር ፊት ወፍራም ክር ይቀጥሉ። ለእያንዳንዱ 28 ግራም እርሳስ 4.5 ኪሎ የሚችል ይቁጠሩ፤ ለ112 ግራም 18 ኪሎ የሚችል ማለት ነው። 4 ሜትር ለሆነ ዘንግ 8 ሜትር ያህል ይበቃል፤ ለመወርወር ሲዘጋጁ ወፍራሙ ክር መጠቅለያው ላይ አምስት ስድስት ዙር መቅረት አለበት። ከዚያ ካነሰ የውርወራው ኃይል ቀጭኑ ክር ላይ ያርፍና መበጠሱ አይቀርም፤ ተበጥሶ የሚበር እርሳስ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ለአሸዋ የሽቦ እግር ያለው እርሳስ ከክብ እርሳስ በእጅጉ የተሻለ ይይዛል። በፀደይ የሚበዛው የባሕር ሣር ክሩ ላይ ከተከመረ ግን ምንም እርሳስ አይቆምም፤ አውጥተው ያጽዱ፣ ወይም ቦታ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ወገቤ ድረስ ገብቼ ባጠምድ ችግር አለው?

መልስ፦ በዚህ ወቅት ከጉልበት በላይ አይግቡ። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውኃ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውኃውን ነው። ግራና ቀኙ ሞገድ እየሰበረ መካከሉ ጠቆር ብሎ ጸጥ ያለ ቦታ ካዩ፣ ወደ ባሕር የሚስብ ጅረት ሊሆን ስለሚችል አይግቡበት። ተንሳፋፊ ሰደርያ ይልበሱ። ከወደቁ ወዲያው ለመዋኘት አይታገሉ፤ በጀርባዎ ተንሳፍፈው ትንፋሽዎ እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ፣ ከዚያ ከጅረቱ ወደ ጎን ወጥተው ወደ ዳር ይዋኙ።