የአሰልጣኝ ጩኸት የጠባይ ጉዳይ ብቻ ነውን?

ጥያቄ፦ መኪና መንዳት መማር ከጀመርኩ አምስት ሳምንት ሆኖኛል። አሰልጣኜ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሞተሩ በጠፋብኝ ቁጥር ይጮህብኛል፣ ሳይነግረኝ እጄን ይዞ ማርሽ ያስገባል፣ በትምህርቱ ሰዓት ስልክ ያነሣል፣ አንዳንድ ቀንም የራሱን ጉዳይ ለማድረስ መንገድ ያስቀይረኛል። ለቤተሰቦቼ ብነግራቸው «ሁሉም እንደዚያ ነው የተማረው፤ ቻይው» አሉኝ። ይህ የሙያው ጠባይ ነው ወይስ እኔ ነኝ ሆደ ባሻ የሆንኩት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሆደ ባሻ አይደሉም። የዘረዘሯቸው ነገሮች በሙሉ ከአሰልጣኝነት ሥነ ምግባር ውጪ ናቸው። ከሁሉ አስቀድመን ስለ ጩኸቱ እናንሣ፤ ብዙ ሰው እንደ ቁጣና እንደ ጠባይ ጉድለት ብቻ ስለሚቆጥረው አደገኛነቱ ሳይታይ ያልፋል።

ልምድ ያለው አሽከርካሪ ሳያስበው የሚያደርገውን ሁሉ ጀማሪው እያሰበ ነው የሚያደርገው። እግሩን ከፍሪሲዮን፣ እጁን ከማርሽ፣ ዐይኑን ከስፖኪዮ ጋር ለማስማማት ሲጥር ለሌላ ነገር የሚተርፍ ሐሳብ የለውም። በዚህ መካከል ሲጮህበት ሐሳቡ ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ አሰልጣኙ ይዞራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሰልጣኙ ለምን እንደተቆጡት ሲያሰላስል ሁለት ሰከንድ ቢያልፍ መኪናው 28 ሜትር ገደማ ልብ የሚለው አሽከርካሪ ሳይኖረው ተጉዟል ማለት ነው። እግረኛ ቢገባ አሰልጣኙ በራሱ በኩል ያለውን ፍሬን ይይዝ ይሆናል፤ ነገር ግን ያንን አደጋ ያመጣው የራሱ ጩኸት ሊሆን ይችላል።

አደጋ ፊት ለፊት ሲመጣ «ፍሬን ያዢ» ብሎ ድምፅን ከፍ ማድረግ፣ መሪውንም መጨበጥ ግዴታው ነው፤ ይህን ከስድብ ጋር አናምታታው። ከዚያ በኋላ ግን ደኅና ቦታ አስቁሞ የሆነውን በጸጥታ ማስረዳት አለበት። በራሱ ፍሬን ያቆመው እንደሆነም ሊነግርዎት ይገባል፤ ካልነገረዎት በራስዎ ያቆሙት ይመስልዎትና በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ስሕተት ይደግሙታል።

የሞተሩን መጥፋት በተመለከተ፣ መፍትሔው ልምምድ ነው። ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ በፍጥነት ሲለቀቅ ሞተሩ የመኪናውን ክብደት በአንድ ጊዜ መሸከም ስለማይችል ይጠፋል። ጥሩ አሰልጣኝ ሜዳ ቦታ ላይ ሰልጣኙ ነዳጅ ሳይሰጥ ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ እያለ እንዲለቅ፣ መኪናው ልነሣ ልነሣ የሚልበትን ቦታም በእግሩ እንዲያገኘው ደጋግሞ ያለማምደዋል። በእኛ አስተያየት፣ የጀማሪ ስሕተት ከሚባለው ብዙው ዘግይቶ ከሚሰጥ ትእዛዝ የሚመጣ ነው። መስቀለኛ መንገዱ ጫፍ ላይ ደርሶ «ታጠፊ» የሚባል ሰው ስፖኪዮ አይቶ፣ ፍሬቻ አሳይቶ፣ ማርሽ ቀንሶ ለመታጠፍ ጊዜ ከየት ያመጣል?

እጅዎን ስለመያዙ የምንለው አጭር ነው፤ የማርሽ አገባብ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ማሳየት ስለሚቻል ሳያስፈቅዱ መንካት አስፈላጊም ተገቢም አይደለም። ስልኩም ቢሆን፣ ተጨማሪው ፍሬን በእግሩ ሥር ያለ ሰው ሁለተኛው አሽከርካሪ ነውና ዐይኑ ከመንገዱ ሊነሣ አይገባም። የከፈሉበት ሰዓት የእርስዎ ስለሆነም መንገዱ የሚመረጠው እርስዎ በደረሱበት የችሎታ ደረጃ እንጂ እርሱ ባለበት ጉዳይ አይደለም።

ቅሬታዎን መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ቆማችሁ ሳለ በግልጽ ይንገሩት። ካልተሻሻለ ለማሠልጠኛው ኃላፊ በጽሑፍ አመልክተው ሌላ አሰልጣኝ እንዲመደብልዎት ይጠይቁ፤ እስካሁን የሠለጠኑበትን ሰዓትና ርእስ የሚያሳይ መዝገብም ይውሰዱ፤ አዲሱ አሰልጣኝ ካቆሙበት እንዲቀጥል ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ እኔ አሰልጣኝ ነኝ። አንድ ሰልጣኜ መኪና ማቆምና ማዞር ይችላል፤ መንገድ ላይ ግን ሳላስታውሰው ቅድሚያ አይሰጥም። ቤተሰቦቹ ቶሎ ለፈተና አቅርበው እያሉ ይወተውቱኛል። ልላከው?

መልስ፦ አይላኩት። አንድ ሙሉ ሰዓት አቅጣጫ ከመንገር በቀር አንድም ቃል ሳይናገሩ ከጎኑ ይቀመጡ፤ ለማስታወስ ከተገደዱ ወይም እግርዎ ፍሬኑ ላይ ካረፈ ዝግጁ አይደለም። በአሽከርካሪ ትምህርት የታወቀ ባለ አራት ደረጃ አከፋፈል አለ፦ መኪናውን መቆጣጠር፣ የትራፊክን ሁኔታ መረዳት፣ የጉዞውን ዓላማና ሁኔታ መመዘን፣ በመጨረሻም የአሽከርካሪው የራሱ ጠባይና የሕይወት ዓላማ። የእርስዎ ሰልጣኝ የመጀመሪያውን ደረጃ ይዟል፤ ሁለተኛው ገና ነው። ምን እንደቀረውና ስንት ሰዓት ሊፈልግ እንደሚችል በጽሑፍ አድርገው ለእርሱም ለቤተሰቦቹም ይስጡ። ያ ሰዓት ሲያልቅም ለክፍያ ብለው ሌላ ሰዓት ሳይጨምሩ በዝምታ የተቀመጡበትን ሙከራ ይድገሙትና እርሱ ያሳየዎትን ተከትለው ይወስኑ።