የተጫነው ላይብረሪ ለምን አይገኝም?

ጥያቄ፦ ስፒክስ የተባለውን የንግግር ድምፅ ማመቂያ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ስብስብ) ከምንጭ ኮዱ ገንብቼ በሊኑክስ ላይ ጫንሁት፤ የመጫኛው ትእዛዝ ሜክ ኢንስቶልም ያለ ስሕተት ተጠናቀቀ። ፕሮግራሜ ግን ሲነሣ ላይብረሪው አልተገኘም ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ግንባታው የተሳካ ስለሚመስል እንደገና መጀመር አያስፈልግዎትም። ግንባታውን የሚያዘጋጀው ኮንፊገር የተባለው ስክሪፕት ሌላ ቦታ ካልተነገረው በቀር ላይብረሪው እንዲቀመጥ የሚያደርገው በዩኤስአር ሎካል ሥር ባለው ሊብ ማኅደር ውስጥ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ ላይብረሪዎችን የሚያገናኘው ክፍል ግን በዋናነት የሚመለከተው አስቀድሞ የተዘጋጀለትን መዝገብ ነው። ስለዚህ ይህን መዝገብ የሚያድሰውን ኤልዲኮንፊግ የተባለ ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኪዱ፤ ይህ ካልበቃ የማኅደሩን አድራሻ በኢቲሲ ሥር ባለው የኤልዲ ኤስኦ ኮንፍ ፋይል ውስጥ ጨምረው ትእዛዙን ይድገሙት። የሚፈልጉት የገደል ማሚቶ ማጥፊያውን ከሆነ ደግሞ፣ እርሱ ስፒክስ ዲኤስፒ በሚባል ሌላ ጥቅል ስለሚገኝ ለብቻው ይገነባል። ለአዲስ ሥራ ግን እኔ የምመርጠው በ2012 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለትን ኦፐስ የተባለ የድምፅ ማመቂያ ነው፤ የስፒክስ አዘጋጆችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።