የሦስት ሰው ፊርማ ያላስተካከለው የዓሣ መዝገብ

ጥያቄ፦ ከጣና ዳር አስጋሪዎች ቆሮሶና አምባዛ እየተቀበልን ለባሕር ዳር ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የምናከፋፍል፣ 19 ሠራተኞች ያሉን ድርጅት ነን። የግዢና የሽያጭ መዝገቦቻችን እርስ በርስ ስለማይገናኙ ባለፈው ዓመት አማካሪ ቀጥረን «የዳታ አስተዳደር ሥርዓት» አዘረጋን። አሁን እያንዳንዱ ደንበኛ የጋብቻ ሁኔታውን ሳይቀር የሚጠይቅ ባለ 38 ጥያቄ ቅጽ ይሞላል፤ የአንድን ደንበኛ ስልክ ቁጥር ለመቀየር የሦስት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል፤ በየሳምንቱም 11 ሪፖርት ይዘጋጃል። ስሕተቱ ግን አልቀነሰም፣ የሚዛኑን ደብተር ወደ ኤክሴል የምትገለብጠው ጸሐፊያችንም አምሽታ መሥራት ጀምራለች። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች ሥራን ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ በፋብሪካ ብክነትን እንደሚቀንስ ሰምተናል፤ ለእንዲህ ያለው ሥራስ ይሆናል? ከሆነስ ከየት እንጀምር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሆናል። የቶዮታው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ብክነትን በሰባት መድቦ ነበር፤ እነዚህም ፈላጊ ሳይኖር ማምረት፣ መጠበቅ፣ ማጓጓዝ፣ ከሚያስፈልገው በላይ መሥራት፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና ጉድለት ናቸው። ሰባቱም በእናንተ ቢሮ ይገኛሉ፤ ችግሩ በፋብሪካ የተከማቸ ብረት መተላለፊያ ስለሚዘጋ ማንም ሲያየው፣ በኮምፒውተር የተከማቸ መረጃ ግን ማንንም ስለማያደናቅፍ ሳይታይ ማደጉ ነው። በአገራችን የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ «አምስቱን ማዎች»፣ ማለትም የሥራ ቦታን የማጽዳትና የማደራጀት አምስት ደረጃዎችን፣ ያወቁ ድርጅቶች ቢኖሩም፣ ብዙዎቹ መደርደሪያ አሳምረው እዚያው ላይ ሲቆሙ ስላየሁ እናንተም ፋይል በማሳመር እንዳትጀምሩ እመክራለሁ።

ኦኖ ከሰባቱ የከፋው ፈላጊ ሳይኖር ማምረት ነው ይል ነበር፤ ሌሎቹን የሚወልደው እርሱ ነውና። ስለዚህ በ11ዱ ሪፖርቶች ጀምሩ። ለግብር መሥሪያ ቤትና ለባንክ ከሚቀርቡት በቀር ሁሉንም ለሁለት ሳምንት አታውጡ። «ሪፖርቴ የት አለ?» ብሎ የመጣ ሰው ካለ፣ በሪፖርቱ ላይ ተመሥርቶ የሚወስነውን ውሳኔ ጠይቁት፤ ውሳኔውን መጥቀስ ከቻለ ሪፖርቱ ይቀጥል፣ ካልቻለ ይቅር።

የሦስቱ ፊርማ ነገር ቀላል ነው። ቁጥሩን መቀየር ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ሲሆን የቀረውን ጊዜ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ያሳልፋል። ደግሞም ሦስት ሰው ሲፈርም አንደኛው ሁለተኛው እንዳየው፣ ሁለተኛውም ሦስተኛው እንደሚያየው ያስባል፤ በመጨረሻ ማንም አያየውም። ስልክ ቁጥሩን ጸሐፊዋ ራሷ ትቀይር፣ ማን መቼ እንደቀየረው ግን ይመዝገብ። ገንዘብ የሚላክበት የአስጋሪ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲቀየር ግን የሁለት ሰው ማረጋገጫ ይኑር፤ በዚያ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ማጭበርበርን ስለሚከላከል ከብክነት አይቆጠርም።

ዋናው ጉዳያችሁ ስሕተቱ ነው። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ስለሆነች ይህ ምሳሌ አይርቃችሁም፦ የቶዮታ የኩባንያዎች ቡድን መሥራች ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 እ.ኤ.አ. የሠራው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበር። ማሽኑ ባይቆም ኖሮ ጉድለቱ የሚታወቀው ብዙ ሜትር የተበላሸ ጨርቅ ከተሸመነ በኋላ ነው። የእናንተ ክር የሚበጠሰው ሚዛኑ አጠገብ ሲሆን ፊርማው የሚቀመጠው ግን ቢሮ ውስጥ ነው። መዛኙ እጁ እንደረጠበ በደብተር ይጽፋል፣ ጸሐፊዋ ማታ ወደ ኤክሴል ትገለብጣለች፣ ፈራሚዎቹ በማግስቱ ይፈርማሉ። «ቆሮሶ 40 ኪሎ» የሚለው ሙሉው ዓሣ ይሁን ፍሌቶው (አጥንቱ የወጣለት ሥጋ) በደብተሩ ካልተለየ፣ ከቆሮሶ የሚወጣው ፍሌቶ የሙሉውን ክብደት ሲሶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያው 40 ኪሎ የሁለት የተለያዩ ግዢዎች ምስክር ሊሆን ይችላል። ሦስት ሰው ሳይሆን ሠላሳ ሰው ቢፈርምበትም ይህን ከወረቀቱ ላይ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ለሙሉና ለፍሌቶ የተለያየ ዓምድ አስምራችሁ ደብተሩን ብትቀይሩ ግን ስሕተቱ ገና ሲጻፍ ይቆማል።

በስም ጉዳይም እንዲሁ ነው። አንዱ «ቆሮሶ»፣ ሌላው «ቲላፒያ» ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ሁለት ዕቃ ያደርጋቸዋል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ተብላ የተጻፈች አንዲት ደንበኛም ለእኛ አንድ ሰው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ናት። የፊደል ምርጫን በስብከት ማስተካከል አይቻልም፤ የዓሣው ስም ከዝርዝር ይመረጥ፣ ደንበኛው ደግሞ በመለያ ቁጥር ይታወቅ። ስልክ ቁጥርን መለያ እንድታደርጉ አልመክርም፤ በአንድ ስልክ የሚጠቀም ቤተሰብ አለና።

ቀኑ ከሁሉም ይብሳል። ጥቅምት 30ን «30/2» ብላ ያስገባች ጸሐፊ በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለተኛው ወር 30 ቀን ስለሌለው ኮምፒውተሩ እንደ ቀን አይቀበልላትም፤ ሥራው እንዲያልፍላት 28/2 ብትጽፍ ማን ይፈርድባታል? ጥቅምት 20ን «20/2» ብላ ስታስገባ ግን ያለ ጥያቄ ይቀበላታል፣ ስሕተቱንም ማንም አያይም። በአንድ አቆጣጠር ተስማሙና ሌላውን ኮምፒውተሩ ያስላው።

ባለ 38 ጥያቄውን ቅጽ በተመለከተ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚሰበሰበው መረጃ ለተፈለገበት ዓላማ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ እንዲሆን፣ ከዓላማው ጊዜ በላይም እንዳይቀመጥ ያዛል። ዓሣ ለመሸጥ የምግብ ቤቱን ባለቤት የጋብቻ ሁኔታ ማወቅ አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ መልሱን የሚጠቀምበትን ሠራተኛ ስም ጻፉ፤ ስም ያልተገኘለትን ሰርዙት፣ እስካሁን የተሰበሰበውንም አጥፉት። የግብር ሰነዶችን ግን ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ሳትመክሩ አትንኩ።

ከየት እንጀምር ላላችሁት፣ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ አትጥሩ። ታንኳዎቹ ከሐይቁ በሚመለሱበት ጠዋት ከጸሐፊያችሁ ጋር ሄዳችሁ ሚዛኑ አጠገብ ቁሙ፤ አንድ ቅርጫት ቆሮሶ ተመዝኖ ደብተር ላይ እስኪሰፍር፣ ከዚያም ኤክሴል ላይ እስኪደርስ አብራችሁ ተከተሉት። ጸሐፊያችሁ ማታ ማታ በግምት የምትሞላው የትኛውን ዓምድ እንደሆነ እዚያው ትነግራችኋለች፤ መጀመሪያ የሚታረመው እርሱ ነው።