ሳይታዩ መታከም፦ ስለ ድሮ እንግሊዝ የሕክምና ደብዳቤዎች ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ጽሑፌ በ1600ዎቹና በ1700ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ስለነበረ አንድ ልማድ አንስቼ ነበር። ሕሙማን ሕመማቸውን ዘርዝረው ሩቅ ላለ ሐኪም ደብዳቤ ይጽፋሉ። ሐኪሙም ሳያያቸው ምክርና መድኃኒት በደብዳቤ ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሐኪም ሳያይ፣ ሳይዳስስ እንዴት ያክማል? ይሄ ማጭበርበር አይደለም ወይ?» (አንባቢ፣ ከአዳማ)

አይደለም። የዚያን ዘመን ሐኪም በአካል ቢመጣስ ምን ያደርግ እንደነበር እናስብ። የደም ግፊት መለኪያ የለውም። ራጅ የለም፣ የላቦራቶሪ ምርመራ የለም። የልብና የሳንባ ድምፅ ማዳመጫውን ፈረንሳዊው ሬኔ ላኤኔክ የፈለሰፈው ገና በ1816 ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ትርታ ይይዛል፣ ፊትና ምላስ ያያል፣ ሽንት ይመለከታል። የቀረው ሥራ ሁሉ መጠየቅና መስማት ነው። ቆርጦ መስፋት፣ አጥንት መጠገን፣ ቁስል ማጠብ የቀዶ ሐኪሞች ሥራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሐኪም በአብዛኛው እጁን ሳይሆን ምክሩን ነበር የሚሰጠው።

የሚያምኑበት ትምህርትም ለዚህ ያመች ነበር። ሰውነት በአራት ፈሳሾች ይተዳደራል ይላሉ፦ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። ሚዛናቸው ሲዛባ ሰው ይታመማል። ሚዛኑ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ሐኪሙ ሕመምተኛው ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚተኛ፣ ቁጭ ብሎ ይውል ወይስ ይንቀሳቀስ እንደሆነ፣ በቅርቡ ሐዘን ደርሶበት እንደሆነ ማወቅ አለበት። ይህን ከባለቤቱ በላይ ማን ያውቃል?

እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ይሄ ነው። ዛሬ ማሽኑ የሚናገረውን ያኔ የሚናገረው ሕመምተኛው ነበር። ሐኪሙም ቃሉን እንደ ማስረጃ ይቀበለዋል። ደብዳቤ ደግሞ ጊዜ ይሰጣል። ሐኪም ፊት ስንቀርብ የሚጠፋብን ስንት ነገር አለ! ቤት ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን የረሳውን ያስታውሳል፣ ሚስቱን ይጠይቃል፣ ከአንድ ዓመት በፊት የጀመረውን ሁሉ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል።

«ምን ምን ይጽፉ ነበር? አያፍሩም?» (ስሜ ይቆይ ያሉ አንባቢ)

ሁሉንም ይጽፉ ነበር። ለዚህ የሚጠቀሰው ሰው ሃንስ ስሎን ነው። በ1660 አየርላንድ ተወለደ። በ1687 ጃማይካ ሄዶ ዕፅዋት ሰበሰበ። ከዚያ ሎንደን ውስጥ ገናና ሐኪም ሆነ፤ የሐኪሞች ኮሌጅ የተባለውን የሐኪሞች ማኅበርም፣ ሮያል ሶሳይቲ የተባለውን የሳይንስ ማኅበርም በፕሬዚዳንትነት መራ። በ1753 ሲሞት የሰበሰበው ሀብት ለብሪቲሽ ሙዚየም መነሻ ሆነ። ስሎን ወረቀት የማይጥል ሰው ነበር። በዚህም የተነሳ ሕሙማኑ የጻፉለት ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ አሉ።

ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ሌሊት ይብሳል ወይስ ቀን፣ የምግብ ፍላጎት አለ ወይ፣ የሽንቱ መልክ ምን ይመስላል፣ ሆድ ይደርቃል ወይስ ይለቃል፣ የወር አበባ በጊዜው ይመጣል ወይ። ከዚህ በፊት ማን አከመው፣ ምን ሰጠው፣ ምን ለውጥ አመጣ። ሐኪሙ ከሚጠይቀው ቀድመው ይመልሱታል።

ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ሕመምተኛው አይደለም። ባል ስለ ሚስቱ ይጽፋል፣ አባት ስለ ልጁ። በአካባቢው ያለ መድኃኒት ቀማሚ ወይም ቀዶ ሐኪም ነገሩ ሲከብደው «የእርስዎን ምክር እሻለሁ» ብሎ ለሎንደኑ ይጽፋል። እዚህ ላይ የማዝነው ለሴቶቹ ነው። ባሏ የጻፈላት ሴት የራሷን ሕመም በሌላ ሰው አፍ ነው የተናገረችው። ስንቱን ሳትነግረው ቀርታ ይሆን?

ኀፍረቱስ? ነበረ። ለሚያፍር ሰው በ1691 አንድ በር ተከፈተ። ጆን ዳንተን የተባለ የሎንደን አሳታሚ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ጥያቄና መልስ ብቻ የያዘ ጋዜጣ ጀመረ። ስሙ አቴኒያን መርኩሪ ነው፤ እስከ 1697 ቆየ። አንባቢው ስሙን ሳይጽፍ ጥያቄውን ወደ አንድ ቡና ቤት ይልካል፣ መልሱን በጋዜጣው ያነባል። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ተፈጥሮ ይጠየቅ ነበር፤ ስለ ሰውነትና ስለ ጤናም እንዲሁ። «ስሜ ይቆይ» ያሉኝ አንባቢ ከ330 ዓመት በላይ የሚቀድሟቸው ባልደረቦች አሏቸው ማለት ነው።

«ስንት ያስከፍሉ ነበር?»

ታዋቂ ሐኪም በተለምዶ የሚከፈለው ጊኒ በሚባለው የወርቅ ሳንቲም ነበር። ከ1717 ጀምሮ ዋጋው 21 ሽልንግ ሆኖ ተወሰነ። የቀን ሠራተኛ በቀን አንድ ሽልንግ ገደማ በሚያገኝበት ዘመን ይህ የሦስት ሳምንት ድካም ነው። አንዳንዱ በገንዘብ ፈንታ በስጦታ ወይም በውለታ ይከፍላል። በመታጠቢያ ፍል ውሃዋ በታወቀችው በባዝ ከተማ የነበረው ሐኪም ጆርጅ ቼይን፣ ደራሲና አታሚ ለነበረው ለሳሙኤል ሪቻርድሰን ለዓመታት የጤና ምክር ጽፎለታል። ሪቻርድሰን በበኩሉ የቼይንን መጻሕፍት ያትም ነበር።

የፖስታውም ዋጋ አለ። ያኔ የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው። በ1660ው ሕግ አንድ ቅጠል ወረቀት እስከ 80 ማይል 2 ሳንቲም (ፔኒ)፣ ከዚያ በላይ 3 ነበር። ሁለት ቅጠል ከሆነ ዋጋው እጥፍ ነው። ስለዚህ ፖስታ የሚባል ማሸጊያ አልነበረም፤ ወረቀቱ ራሱ ታጥፎ በሰም ይታሸጋል።

«ደብዳቤው እስኪመለስ በሽተኛው ቢሞትስ?» (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

ድንገተኛ ነገር ሲሆን ደብዳቤ አይጠብቁም። ቅርብ ያለውን ይጠራሉ። ወደ ሎንደን የሚጻፈው በአብዛኛው ስለሚቆይ ሕመም ነው፦ ሪህ፣ ራስ ምታት፣ የሽንት ጠጠር፣ የማይለቅ ሳል፣ መካንነት፣ ድባቴ። የንጉሡ ፖስታ ለሕዝብ የተከፈተው በ1635 ነው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ከሎንደን ይነሳሉ፤ ወደ ገጠሩ ዘልቆ ለመድረስ ቀናት ይወስዳል። ሐኪሙም ይህን ስለሚያውቅ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርጉ፣ ካልሆነ ያንን» እያለ ይጽፋል። የመድኃኒቱን ማዘዣ በላቲን ይጽፋል፤ የአገሬው መድኃኒት ቀማሚ አንብቦ ያዘጋጀዋል።

«ይሄ ሁሉ የባለጸጋ ታሪክ ነው። ድሃውና ያልተማረውስ?» (አንባቢ፣ ከደሴ)

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጊኒ የሌለው፣ መጻፍም የማይችለው ሰው መልእክተኛ ይልክ ነበር። በበኪንግሃምሻየር የግሬት ሊንፈርድ ቄስ የነበረው ሪቻርድ ኔፒየር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1634 እስኪሞት ድረስ ከገበሬ እስከ መኳንንት ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው አክሟል። ሙያውን የተማረው ከሎንደኑ ሳይመን ፎርማን ነው። ሁለቱ በመዝገባቸው ያሰፈሩት ጉዳይ 80 ሺህ ገደማ ይደርሳል። የሚሠሩት ኮከብ በመቁጠር ነበር። ጥያቄው የቀረበበትን ሰዓት ይዘው የሰማዩን አቀማመጥ ይስላሉ። በአካል የመጣም ይሁን ደብዳቤ ወይም ሰው የላከ፣ ሁሉም ይስተናገዳል።

መልእክተኛው አንዳንዴ የበሽተኛውን ሽንት በጠርሙስ ይዞ ይመጣል። የሐኪሞች ኮሌጅ በሽንት ብቻ በሽታ አውቃለሁ ማለትን አጥብቆ ያወግዝ ነበር። በ1637 ቶማስ ብራያን የተባለ ሐኪም የዚህን ሥራ ገመና የሚያወጣ መጽሐፍ አሳተመ። እንደ እሱ አባባል ሽንት ተመልካቹ መልእክተኛውን በዘዴ እያዋራ ሁሉን ያወጣጣዋል። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ አይቶ የሰማውን መልሶ ይነግረዋል። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ይናገራል። ጠርሙሱ ተይዞ እንኳ ሥራውን የሚሠራው የሰው ቃል ነበር።

የመንደሩን ችግር የሚሸከሙ ሴቶችም ነበሩ። በኖርዛምፕተንሻየር የነበረችው ግሬስ ሚልድሜይ (1552–1620) መድኃኒት ታዘጋጅ፣ ሕሙማን ታክም ነበር። የጻፈችው የሕክምና ማስታወሻ ዛሬም አለ። ስሎንም ጠዋት ጠዋት ድሆችን በነጻ ያይ እንደነበር ይነገርለታል።

«እንዲያው በዚህ መንገድ የዳነ ሰው አለ?» (አንባቢ፣ ከሃዋሳ)

አብዛኛው መድኃኒት አይረዳም ነበር፤ የሚጎዳም ነበር። ክንድ በጥቶ ደም ማፍሰስ፣ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ቆዳ ላይ ውሃ የሚያስቋጥር ልጥፍ። ከሁሉ የሚሻለው የደቡብ አሜሪካው የሲንኮና ቅርፊት ነበር። ውስጡ ኩዊኒን አለ። በረግረጋማዎቹ በኬንትና በኤሴክስ ወባ ነበረና፣ የሚመላለስ ትኩሳት ይዞት ቅርፊቱ የታዘዘለት ሰው በእርግጥ ሊድን ይችል ነበር።

ደብዳቤዎቹ ያመጡት ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ይመስለኛል። በታኅሣሥ 1677 ፓሪስ የነበረው ጆን ሎክ (ፈላስፋ ብቻ ሳይሆን ሐኪምም ነበር) የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት የሆነችውን እመቤት እንዲያይ ተጠራ። የፊቷ ቀኝ ጎን እንደ እሳት ብልጭታ በድንገት ይወጋታል፣ አፏ ወደ ጆሮዋ ይሳባል፣ ከዚያ ይተዋታል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሎክ ሕመሙን ጠብቆ፣ አይቶ፣ የነገረችውን መዝግቦ ሎንደን ላለው ሐኪም ለጆን ማፕልቶፍት ጻፈ፤ ምክርም ጠየቀ። ዛሬ የነርቭ ሐኪሞች ያንን ጽሑፍ ሲያነቡ በሽታውን ወዲያው ይለዩታል፤ የፊት ነርቭ ሕመም ነው። በግልጽ ከተጻፉት የመጀመሪያ መግለጫዎችም አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ሎክ የሰጣት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ዛሬ ማንም አያዘውም። መግለጫው ግን አላረጀም።

ሌላው የፈንጣጣ ጉዳይ ነው። በ1721 ሎንደን ውስጥ አዲስ ነገር መጣ። ከታመመ ሰው ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ ማስገባት። በቱርክ የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት የነበረችው ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ እዚያ አይታው ነው ያስተዋወቀችው። በእኛም አገር በየአካባቢው የሚታወቅ ዘዴ ነበር። «ይገድላል» «ያድናል» የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። ያኔ የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ የነበረው ሐኪም ጄምስ ጁሪን ያደረገውን እወድለታለሁ። በየአገሩ ያላችሁ ሐኪሞች የከተባችሁትንና ውጤቱን ጻፉልኝ አለ። ከዮርክሻየሩ ሃሊፋክስ ቶማስ ኔትልተን ጻፈለት፣ ሌሎችም ቀጠሉ። ጁሪን ደብዳቤዎቹን ደመረ። በተፈጥሮ ፈንጣጣ ከያዛቸው ከስድስት አንድ ገደማ ይሞታል። ከተከተቡት ደግሞ ከ50 አንድ ገደማ። ጭቅጭቁን በቁጥር መመለስ የተቻለው በደብዳቤ ነው።

«እኔ አዲስ አበባ ላለ ሐኪም ዘመዴ በቴሌግራም ድምፅ እልካለሁ። ልዩነቱ ምንድን ነው?» (አንባቢ፣ ከዱባይ)

እርስዎ ሐኪም ጋ መሄድ የሚችሉበት አማራጭ ካለዎት ልዩነቱ እሱ ነው። የእርስዎ ዘመድ ሳያይዎት ሊያውቀው የማይችለው ነገር እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ «ሄደህ ተመርመር» ካልዎት ምክሩ ያ ነው፤ ሌላ እንዲነግርዎት አይለምኑት። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም መፍሰስ ወይም የሕፃን መንቀጥቀጥ ከሆነ ድምፅ ሲቀዱ ጊዜ አያባክኑ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለሌላው ግን ከእነዚያ ሰዎች የሚወሰድ ልምድ አለ። «ራሴን እያመመኝ ነው፣ ምን ልውሰድ?» ብሎ መላክ ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። መቼ እንደጀመረዎት፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ምን እንደሚያስታግሰው ይንገሩት። የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያገር ባህሉንም ጨምረው ይዘርዝሩ። በፊት ሌላ ሐኪም አይቶዎት ከሆነ ያለውን አይደብቁ። ወረቀት ላይ ጽፈው ቢያነቡለት ደግሞ ምንኛ በተሻለ።

«ደብዳቤዎቹን ማንበብ ይቻላል?»

እንግሊዝኛ ለሚያነብ ይቻላል። የስሎን ወረቀቶች ሎንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። የፎርማንና የኔፒየር መዝገቦች ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛሉ፤ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት በነጻ አቅርበዋቸዋል። እኔ ግን ለጀማሪ የምመርጠው ጎረቤታቸውን፣ የስኮትላንዱን ዊሊያም ከለንን (1710–1790) ነው። ከለን የራሱን መልሶች ቅጂ ያስቀር ነበር። ከ1781 ጀምሮ ደግሞ ጄምስ ዋት በፈለሰፈው መገልበጫ ማሽን ይገለብጣቸው ነበር። ስለዚህ ጥያቄውም መልሱም አብረው አሉ፤ ኤዲንብራ በሐኪሞች ኮሌጅ ተቀምጠዋል፣ በኢንተርኔትም ተለቀዋል። ፍለጋውን እርስዎን ወይም ቤተሰብዎን በሚያሳስብ ሕመም ስም ቢጀምሩት ቶሎ ይገባሉ።